የደም ግፊት ሲወርድም ዓይን ይጎዳል

ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የእይታ ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነቱ አያምም፤ እይታን ከዳር እየሸረፈ ስለሚመጣ ሕመምተኛው የሚነቃው ብዙ ነገር ካመለጠው በኋላ ነው። የጠፋው አይመለስም።

ነርቩን ከሚጎዱት አንዱ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ማለቱ ነው። ጤናማ የዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ይሁንና ከዚህ ሳያልፍም ነርቩ የሚሞትበት ሰው አለ። ምክንያቱ በከፊል የደም ዝውውር ነው። ደም ወደ ዓይን ለመግባት በውስጡ ያለውን ግፊት ማሸነፍ አለበት። የታችኛው የደም ግፊት 80፣ የዓይኑ 20 ቢሆን ደሙን የሚገፋው ልዩነት 60 ነው፤ የታችኛው ወደ 55 ወርዶ የዓይኑ 25 ቢደርስ ግን 30 ብቻ ይቀራል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የተካሄደ ጥናት ልዩነቱ ከ30 በታች በሆነባቸው ሰዎች ላይ ግላኮማ 6 እጥፍ ያህል በዝቶ አግኝቷል። ጤናማ የደም ሥር ራሱን አስፍቶ ጉድለቱን ያካክሳል፤ በግላኮማ ሕመምተኛ ላይ ይህ አቅም ሊዳከም ይችላል። ለዓመታት የቆየ ደም ግፊትም የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና ስለሚያደድር፣ ከፍ ማለቱም ለዓይን አይበጅም።

አሳሳቢው ሰዓት ሌሊት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የደም ግፊት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ሰው ሲተኛ ደግሞ የዓይን ግፊት ከፍ ይላል። በዚህ ላይ የደም ግፊት ኪኒን ማታ ከተወሰደ መውረዱ ሊብስ ይችላል። ወሎ ውስጥ ይህ በረመዳን ጎልቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ የቀኑ ኪኒን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ሱሁር ይዛወራልና። ቲሞሎል የተባለው የዓይን ጠብታም ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊቀንስ ይችላል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣት መጫን ይህን ያሳንሳል።

ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ስትሮክን መጋበዝ ነው። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው።

ደሴ ሰኞ ገበያ ለጉዳይ የወጣ ሰው ክንዱን ቢለካ የደም ግፊቱን እንጂ የዓይኑን አያውቅም፤ የዓይን ግፊት በሌላ መሣሪያ ይለካል፣ ነርቩም ለብቻው ይታያል። በደሴ አቅራቢያ የዓይን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይም እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድሙ ግላኮማ ያለበት ሰው ይመርመር፤ ሲሄድም የሚወስደውን የደም ግፊት መድኃኒትና የሚወስድበትን ሰዓት ለዓይን ሐኪሙ ይንገር።