የሥዕል መጽሐፍና የሞያሌ ሕፃን

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት፤ አንደኛዋ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ በኬንያ ምድር። በኬንያዋ ሞያሌ የሚያድግ ሕፃን ገና ፊደል ሳይቆጥር ብዙ ቋንቋ ይሰማል። ከኢትዮጵያ ተሻግረው በንግድ የሚተዳደሩ ወላጆቹ በቤት ውስጥ አማርኛ ይናገራሉ እንበል፤ ከደጅ ሲወጣ የጨዋታ ጓደኞቹ በቦረናዎች ኦሮምኛ፣ በቡርጂኛ ወይም በሶማልኛ ያነጋግሩታል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይጠብቁታል። በየመንገዱ የሚያያት አንዲት አህያ እንኳ በእናቱ አፍ «አህያ»፣ በቦረናው ጎረቤት «ሃሬ»፣ በሶማሌው ባለሱቅ «ደሜር»፣ በአስተማሪው ዘንድ «ፑንዳ» ትባላለች።

ለእንዲህ ያለው ሕፃን መጽሐፍ ለመግዛት የሚነሣ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ቋንቋ የተጻፈውን ልውሰድ?» ብሎ ነው። ከናይሮቢ የሚመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የተጻፈ ነው። የአማርኛ ፊደል ብቻ የምታውቅ እናት፣ ወይም ከነጭራሹ ፊደል ያልቆጠረች አያት፣ መጽሐፉን ገለጥ አድርጋ ታይና «ይህስ ለእኔ አይሆንም» ብላ ታስቀምጠዋለች። መጽሐፉም ልጁ ተማሪ ቤት እስኪገባ ድረስ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ልጅ ከእናቱ አፍ ቋንቋ የሚለቅምባቸው ዓመታት ግን እነዚሁ የሚያልፉት ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ከቋንቋው በፊት ሥዕሉን መመርመር ይገባል እንላለን። የሦስት ዓመት ሕፃን የሚያነበው ሥዕሉን ነውና፤ ታሪኩን እናቲቱ በገዛ ቋንቋዋ ብትነግረው መጽሐፉ ተነበበ ማለት ነው።

ይህንን ከራሳችን አንቅተን የተናገርነው አይደለም። በ2020 የታተመ በኬንያ ገጠር የተደረገ ጥናት 357 አሳዳጊዎችንና 510 ሕፃናትን የያዘ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በኬንያ እንደሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ለአገሩ ልማድና ቋንቋ የተስማማ የተረት መጽሐፍ ብቻ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ከመጽሐፉ ጋር ሥዕሉን እያሳዩ ከልጅ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል ትምህርት ተጨመረላቸው። ትምህርቱን ያገኙት ወላጆች ልጆች በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ቃላት አብልጠው መናገር ቻሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ማንበብ የማይችሉት አሳዳጊዎች ልጆች ማንበብ ከሚችሉት ልጆች ባላነሰ መጠቀማቸው ነው።

እንግዲህ መጽሐፉ እንዴት ይመረጥ? ከሱቁ ሳይወጡ ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ሥዕሎቹን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ነው። ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ደረሰበት፣ በመጨረሻም ምን እንደ ሆነ ከሥዕሉ ብቻ ለመናገር ከተቻለ መጽሐፉ ለቤታችን ይሆናል። ሥዕሉ ያማረ ሆኖ ታሪኩ ግን በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ተደብቆ ከሆነ፣ ቋንቋውን አሳምሮ ለሚያነብ ሰው ይቅርለት። በሥዕል ብዛት የተጨናነቀ ገጽም ለሕፃን ዐይን አይመችም። አንድ ዓመት ገደማ ለሆነው ልጅ በየገጹ አንድ ነገር ብቻ የተሣለበት፣ ወፍራም ካርቶን የሆነ መጽሐፍ ይበቃል፤ አስቀድሞ የሚቀምሰው በአፉ ነውና። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያለው አንድ ነገር እየተደጋገመ የሚመጣበትን ይወዳል። አራት ዓመት ሲሞላው ችግር ገብቶ የሚፈታበትን ታሪክ መከታተል ይችላል።

የሥዕሉ ዓለም የልጁ ዓለም መሆን አለበት የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ፍየል፣ ግመል፣ የውሃ ጀሪካን፣ ወይም የቦረና ሰዎች በሰልፍ ቆመው እየዘፈኑ ውሃ የሚቀዱበት ጥልቅ ጉድጓድ ተሥሎ ቢያይ የሞያሌ ልጅ ጣቱን ሳይቀስር አይቀርም። ነገር ግን ይህን ሕግ አጥብቆ መያዝም አይበጅም። በ1969 የወጣው የኤሪክ ካርል የተራበው አባጨጓሬ መጽሐፍ በሞያሌ የማይበቅሉ ፍሬዎች ሞልተውበታል፤ ሆኖም ረሃብን የማያውቅ ልጅ የለም፤ አባጨጓሬው የበሳቸውን ቀዳዳዎች በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። በቨርና አርደማ ተጽፎ በ1981 የታተመው ስለ ካፒቲ ሜዳ የሚናገረው መጽሐፍ ደግሞ የዚያው የኬንያ ነው፤ ድርቅ ገብቶ ከብቶቹ ሲጠሙ አንድ እረኛ ደመናውን በቀስት ወግቶ ዝናብ ያወርዳል። ከናንዲዎች ተረት የተወሰደ ነው። በእንግሊዝኛ ቤት እየመታ የሚሄድ ስለ ሆነ ቃል በቃል መተርጎሙ አያዋጣም፤ የደረቀውን ሣርና ጥቁሩን ደመና እያሳዩ በራስ አነጋገር መተረክ ይሻላል። ድርቅን ለሚያውቅ አገር ልጅ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በአማርኛ የተጻፈውን ለሚፈልጉም መንገድ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሚሆን መጽሐፍ ማጣታቸው ቢያሳስባቸው፣ የታወቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለው ድርጅት በአንድ ገጽ እንግሊዝኛንና አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋን፣ አማርኛን ወይም ኦሮምኛን፣ አጣምረው የያዙ ብዙ ትንንሽ መጻሕፍት አውጥቷል። እንዲህ ያለው ለድንበር ቤተሰብ የተመቸ ነው፤ እናት አንዱን፣ ከትምህርት ቤት የመጣው ታላቅ ወንድም ሌላውን ሊያነቡለት ይችላሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለውም ድርጅት ስዋሂሊን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የሥዕል ተረቶችን ያለ ዋጋ በኢንተርኔት ያድላል። በእጅ ስልክ ማየት ይቻላል፤ አትሞ በክር መስፋት ግን ይበልጣል፤ ስልኩ ሲጮህ ተረቱ ይቋረጣልና።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ አነባበቡ ጥቂት ብልሃት ይጠይቃል። ኋይትኸርስት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1988 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ብቻቸውን አንብበው ከመጨረስ ይልቅ ልጁን እያናገሩ ቢያነቡ በአንድ ወር ውስጥ የልጁ አነጋገር ልቆ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ገጹን ልጁ ይግለጥ። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቃል ብቻ ያስገኛል፤ «ምን እያደረገች ነው?» ቢሉት ግን ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል። ልጁ ሥዕሉን አይቶ «ፑንዳ!» ቢል እናቲቱ አትቆጣው፤ «አዎን፣ ውሃ የተጫነች አህያ ናት፤ ወዴት ትሄድ ይሆን?» ብትለው የአስተማሪውንም የእርስዋንም ቃል አንድ ላይ ይይዛል። ልጁን በጭኗ ያስቀመጠች እናት የላቲኑን ፊደል ከአማርኛው ለይቶ እንዲያውቅ መድከም አያስፈልጋትም፤ ለዚያ ጊዜ አለው። ያንኑ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ አንብቡልኝ ቢልም ሊሰለቹት አይገባም። አንድ ቃል ቢዘልሉ ወዲያው ያርማል፤ ይህም ታሪኩን መያዙን ያሳያል።

የመጽሐፍ ዋጋ ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች አንዳንድ መጽሐፍ ገዝተው በየሁለት ሳምንቱ ቢለዋወጡ ወጪው ይቀላል፤ የቦረናዋ እናት የተረከችውን ሥዕል የአማራዋ እናት በሌላ ቋንቋ ትተርከዋለች። የሞያሌ አቧራ ለወረቀት ጠላት ስለ ሆነ፣ ከመለዋወጡ በፊት ሽፋኑን በላስቲክ መሸፈን፣ ስፌቱም የላላ እንደ ሆነ በወፍራም ክር መስፋት ያስፈልጋል።