እርሾ ሳይጠበቅ የሚዘጋጅ እራት

በጂቡቲ ከተማ በቁጥር ከተሰየሙት ሠፈሮች አንዱ ካርቲየ 7 ቢስ ይባላል። «ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሠፈር ማለት ነው። «ቢስ» የሚለው ተቀጥላ ደግሞ ቁጥሩ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ መሆኑን ያመለክታል እንጂ «ገደ ቢስ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ካለው የአማርኛ ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በዚህች ከተማ እንጀራን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ የማይሆን ላሖሕ የሚባል ምግብ አለ። ላሖሕ ከስንዴ ዱቄት የሚዘጋጅ፥ ዓይን ያለው፥ በአንድ ገጹ ብቻ የሚበስል ስስ ቂጣ ሲሆን መጠኑ ከእንጀራ በጣም ያንሳል። ጋጋሪዋ ሊጡን በጭልፋ ከምጣዱ መካከል ላይ ታፈስና በጭልፋው ቂጥ እያዞረች ወደ ዳር ታሰፋዋለች፤ ስለዚህ በላሖሕ ገጽ ላይ የክብ ክብ መሥመሮች ይታያሉ።

የላሖሕም ሆነ የእንጀራ ዓይን የሚገኘው ከእርሾ ነው። በእርሾ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ሲመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ አየር ይወጣል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል። ነገር ግን ይህ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ላሖሕ ብዙውን ጊዜ ማታ ተቦክቶ ያድራል፤ የጤፍ ሊጥ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። በሐምሌ የጂቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ ሊጡ ፈጥኖ ይቦካል፤ ካልተጠነቀቁለትም ከመጠን በላይ ይኮመጥጣል። እንግዲህ ቀኑን በሥራ ውላ ማታ የምትመለስ እናት ሊጡን ትናንት ሳታቦካው ቀርታ እንደሆነ፥ ወይም ተበላሽቶ ካገኘችው፥ ልጆቿ እራት እስኪደርስ ብዙ መጠበቅ ይኖርባቸዋል። በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው የዋፍል ዱቄት የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ምሽት ነው።

ዋፍል፥ በፈረንሳይኛ አጠራሩ ጎፍር፥ በሁለት የብረት ገጾች መካከል ተጭኖ የሚጋገር ቂጣ ነው፤ ብረቱ ባለ ጉድጓድ ስለሆነ ቂጣው የማር እንጀራ መስሎ ይወጣል። የካርቶኑ ዱቄት ዋና ምሥጢር ቤኪንግ ፓውደር ነው። ይህን ነገር እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ በ1843 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሠራው እርሾ ለማይስማማት ባለቤቱ ዳቦ ለመጋገር ሲል ነበር። በ1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ሁለት ነጋዴዎች ዱቄቱንና ማስነሻውን አስቀድመው ቀላቅለው ለቂጣ መሸጥ ጀመሩ።

በቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ሶዲየም ባይካርቦኔት፥ ደረቅ የአሲድ ዱቄትና እርጥበት የሚመጥ ስታርች ይገኛሉ። ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ባይካርቦኔቱና አሲዱ አይነካኩም ማለት ይቻላል፤ ውሃ ሲነካቸው ግን ተዋሕደው ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። እርሾ በአንድ ሌሊት የሚሠራውን የማስነሣት ሥራ እነርሱ በደቂቃዎች ይፈጽሙታል። ከአሲዶቹ አንዳንዱ የሚሠራው እሳት ሲነካው ስለሆነ ሊጡ በብረቱ ላይ እንዳለ እንደገና ይነፋል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን መጠን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ወይም በዐረብኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ናቸውና። ብረቱ አስቀድሞ በሚገባ ይጋልና በዘይት ይታሰሳል። ከዚያ በኋላ እንቁላል፥ ጥቂት ዘይትና ወተት (የዱቄት ወተትም ይሆናል) ተመትተው ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃሉ። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሊጡ እንደ ጤፍ ሊጥ ይታሻል ብለው ያስባሉ። የስንዴ ሊጥ ብዙ በታሸ ቁጥር እየተሳሰረ ቂጣውን ያገረዋል። ጥቃቅን እብጠቶች ቢቀሩ ጉዳት የለውም። ሊጡ ሳይቆይ በብረቱ ላይ ፈስሶ ይከደናል፤ ከዳሩ የሚወጣው እንፋሎት ሲቀንስ መብሰሉ ይታወቃል። ከዚያ በፊት የከፈተ ሰው ቂጣው ለሁለት ተቀዶ ያገኘዋል። ለእራት ሲሆን ከስኳርና ከማር ይልቅ ፉል ወይም የተጠበሰ እንቁላል ቢቀርብበት የተሻለ ያጠግባል።

በጂቡቲ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የአቀማመጡ ነገር ነው። ከተማይቱ የባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ እርጥበት አለው፤ ካርቶኑ ተከፍቶ ከቆየ ባይካርቦኔቱና አሲዱ ቀስ በቀስ በዚያው ተዋሕደው ያልቃሉ። ዱቄቱ በመልኩ አይለወጥም፤ ቂጣው ግን ሳይነሣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም የተረፈው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለብቻው የተገዛ ቤኪንግ ፓውደር ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሮ መፈተን ይቻላል፤ ካልተንቸፈቸፈ ኃይሉ አልቋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ካርቶኑ እርሾን በሁሉ ነገር አይተካውም። የእርሾው ጣዕም፥ ያ ለወጥ የሚስማማው ኮምጣጣነት፥ ከዋፍል አይገኝም። ከዚህም በላይ ሊጥ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለው ፊታይት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ፊታይት ሰውነት ከምግብ ብረት እንዳያገኝ የሚያግድ በመሆኑ መቡካቱ ለጤና ይበጃል። የካርቶኑ ሊጥ ለዚህ ጊዜ የለውም። ማስነሻውም ሶዲየም ስላለበት በላዩ ሌላ ጨው መጨመር አያሻም።

መብራት በጠፋ ማታ የኤሌክትሪክ ብረቱ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፤ ሊጡ ግን መጣል የለበትም። በከሰል ላይ በተጣደ መጥበሻ በስሱ ፈስሶ፥ ፊቱ ዓይን ዓይን ሲያወጣ ይገለበጣል።