ስለ አንጀት ካንሰር፤ በሽታው የሰውን ዘር ይለያልን?

በ1895 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ አን አርበር በምትባል ከተማ ዶክቶር አልድሬድ ዎርቲን የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። ልብስ የምትሰፋላቸውም አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ይህችን ሴት አዝና ቢያዩዋት ምክንያቱን ጠየቋት። እርስዋም ዘመዶችዋ በሆድ፥ በአንጀትና በማኅፀን ካንሰር እንዳለቁና የርስዋም ፍጻሜ ከዚሁ እንደማያልፍ ነገረቻቸው። እንዳለችውም ገና ሳታረጅ በማኅፀን ካንሰር ሞተች።

ሐኪሙ ግን የልብስ ሰፊዪቱን ቃል እንደ ተራ የሐዘን ወሬ አልቈጠሩትም። የቤተ ሰቡን የትውልድ ሐረግ እያስጠየቁ ጽፈው በ1913 አሳተሙት። ከብዙ ዘመን በኋላም ዶክቶር ሄንሪ ሊንች ይህን የመሰሉ ቤተ ሰቦችን አስፍተው ስለ መረመሩ፥ በዘር የሚወረደው ይህ ሕመም ዛሬ በስማቸው የሊንች ሕመም ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ የዚህ ትልቅ ዕውቀት መነሻ ረቂቅ መሣሪያ ሳይሆን የዘመዶችዋን አሟሟት የምታውቅ የአንዲት ሴት ቃል ነው።

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሦስተኛው፥ በመግደል ግን ሁለተኛው ነው። በ2020 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያዘ፤ ከ900,000 የሚበልጡትንም ገደለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፥ እርስዋ ወደ ካንሰር እስክትለወጥ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ይህ በሽታ እንደ ሌሊት ሌባ ድንገት የሚደርስ አይደለም፤ አስቀድሞ ለተመረመረ ሰው የሚያዝበት ጊዜ ሰፊ ነው።

ነገር ግን በሽታው ሰውን ሁሉ በእኩል አይነካም። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በ2020 ገደማ እንደ ገለጸው፥ በዚያ አገር ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ በበሽታው የሚያዙት ከመቶ 20 ያህል፥ የሚሞቱበትም ከመቶ 40 ያህል በልጠው ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ፦ ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ደም ነውን? ማዕድ ነውን? ወይስ ሌላ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ነገሩን በየተራው እንመርምረው።

መጀመሪያ ስለ ደም እንናገር። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የሰውነት ትእዛዝ የያዘው ጂን ወይም ዘረ መል ይባላል። ይህ ዘረ መል ሲበላሽ አንዳንድ ቤተ ሰብ ለአንጀት ካንሰር ይጋለጣል። የሊንች ሕመም በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል፤ ሆኖም በአንጀት ካንሰር ከተያዙት 100 ሰዎች የዚህ ሕመም ወራሾች 3 ያህል ብቻ ናቸው። ደግሞ ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡት አሽከናዝ በሚባሉት አይሁድ ዘንድ ከ100 ሰው በ6 ያህሉ የሚገኝ አንድ የዘረ መል ለውጥ አለ፤ ይኸውም በ1997 ታወቀ። እንግዲህ በአንድ ሕዝብ ዘንድ የሚበዛ የዘር ምልክት መኖሩ እውነት ነው። በጥቁሮች አሜሪካውያን ላይ በሚገኘው ካንሰርም ኬራስ የተባለው ዘረ መል ተበላሽቶ የሚታየው አዘውትሮ ነው፤ እንዲህ ያለውም ካንሰር ለአንዳንድ አዳዲስ መድኃኒቶች አይታዘዝም። ዳሩ ግን ይህ ጕዳት በዕድሜ ዘመን በካንሰሩ ውስጥ የሚፈጠር እንጂ ከአባትና ከእናት የሚወረስ አይደለም።

ከዚህም በላይ የቆዳ ቀለም ለዘረ መል ደካማ ምስክር ነው። በሰዎች መካከል ያለው የዘረ መል ልዩነት አብዛኛው የሚገኘው በአንዱ ሕዝብ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል አይደለም። በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ በዚህ በሽታ የሚጠቁትም ጥቁሮቹ ሳይሆኑ የአላስካ ነባር ተወላጆች ናቸው። ቀለም ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ሁለተኛው ማዕድ ነው። ዶክቶር ዴኒስ በርኪት የሚባሉ የአየርላንድ ተወላጅ በኡጋንዳ ለብዙ ዓመት በቀዶ ሕክምና ሲያገለግሉ፥ በአፍሪካ ገጠር የአንጀት ካንሰር እጅግ ጥቂት መሆኑን አስተዋሉ። ምክንያቱም አሰር የበዛበት፥ ማለት ያልተነፋ እህልና ጥራጥሬ የሞላበት ምግብ ሳይሆን አይቀርም ብለው በ1971 ጻፉ። የጃፓን ሰዎችም ታሪክ ይህን ይመስላል። በአገራቸው ሳሉ በሽታው በመካከላቸው ጥቂት ነበር፤ ወደ ሃዋይ ተሻግረው የአዲሱን አገር ኑሮ ከለመዱ በኋላ ግን ከነጮቹ ጎረቤቶቻቸው ጋር ተስተካከሉ፤ እንዲያውም በለጡ። ባሕር ቢሻገሩ ደማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው።

በ2015 ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ምርመራ ታተመ። ሊቃውንቱ 20 ጥቁሮች አሜሪካውያንና በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚኖሩ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን እንዲለዋወጡ አደረጉ። አሜሪካውያኑ በቀን ወደ 14 ግራም የነበረው አሰራቸው ወደ 55 ግራም ከፍ አለ፤ የአፍሪካውያኑ በአንጻሩ ከ66 ወደ 12 ግራም ወረደ፥ ሥጋውና ስቡም በዛላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአሜሪካውያኑ አንጀት ቡቲሬት የተባለው ጠቃሚ ነገር ጨመረ፥ መቈጣቱም ቀነሰ፤ በአፍሪካውያኑ ዘንድ ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት ሳምንት ካንሰርን ለማምጣትም ሆነ ለማጥፋት አይበቃም፤ ነገር ግን የአንድ ዘር ሰዎች አንጀት በማዕድ ምክንያት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለወጥ በግልጥ አሳይቷል። ከዚህ ጋራ ትምባሆ፥ አልኮል፥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፥ ሳይንቀሳቀሱ መዋልና በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ለበሽታው እንደሚያጋልጡ የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ይኸውም ከሐኪም ደጅ ዘግይቶ መድረስ ነው። ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 90 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ከተገኘባቸው ግን 20 እንኳ አይሞሉም። ደላዌር የምትባለው ትንሽ የአሜሪካ ግዛት ይህን ተገንዝባ ከ2002 ጀምሮ መልካም ሥራ ሠራች። ገንዘብ ለሌለው ሰው የምርመራውን ዋጋ ከፈለች፤ ካንሰር ለተገኘበትም ድኻ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ አሳከመች፤ በየሆስፒታሉም ሰውን እየፈለጉና እየመከሩ የሚያስመረምሩ ነርሶች አቆመች። በ2009 የተመረመሩት ጥቁሮች ከመቶ 48 ወደ 74 ደረሱ፤ ከነጮቹም ጋር ተስተካከሉ። ከመቶ ሺህ ጥቁሮች በየዓመቱ 31 ያህል ይሞቱ የነበሩት ወደ 18 ወረዱ፤ የነጮቹም ቍጥር 17 ያህል ነበረ። በሰባት ዓመት ውስጥ የማንም ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሐኪም ቤቱ መንገድ ነው። እኛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም።

ይሁን እንጂ መንገድ ተከፈተ ማለት ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ብላክ ፓንተር በተባለው ፊልም የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በሽታው በ2016 ተገኘበት፤ በነሐሴ ወር 2020 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ሕመሙን ለሕዝብ ሳይገልጥ በመካከሉ ብዙ ፊልም ሠርቷል። በዚያን ጊዜ የአገሩ መንግሥት አማካሪ ሐኪሞች ምርመራ እንዲጀመር ያዘዙት በ50 ዓመት ነበረ፤ በ2021 ወደ 45 ዝቅ አደረጉት። እርሱ ግን ለሁለቱም አልደረሰም። ስለዚህ ምልክት የታየበት ሰው ዕድሜ መጠበቅ የለበትም።

ይህ ነገር በአሜሪካ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ጥቁር በሚለው መደብ ሥር ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ለምሳሌ ተጽፎ ነበር። እንግዲህ የጎንደርና የሸዋ ልጅ፥ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ ተሸጠው ከሄዱት ሰው ጋር በአንድ ቍጥር ይቈጠራል። የትውልድ ሐረጋቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ቀለም አይቶ መፍራትም ሆነ መታበይ ከንቱ ነው። የሚበጀው የገዛ ቤተ ሰብን ታሪክ ማወቅ ነው፤ ከሽሮና ከጎመን፥ ከምስርና ከጤፍ ርቆ በሥጋና በተዘጋጀ ምግብ የተለወጠውንም ማዕድ መመርመር ነው።

በኛ ቤት ግን የሚያሳፍር ሕመም አይነገርም። ሰው በሰገራው ደም ባየ ጊዜ ኪንታሮት ነው ብሎ ዝም ይላል፤ ቢሞትም ልጆቹ፦ ሆዱን አሞት ነው ከማለት በቀር አያውቁም። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚለየው ሐኪም እንጂ ሐፍረት አይደለም። ወላጅ ወይም ወንድምና እኅት በዚህ ካንሰር የተያዘበት ሰው የሚያሠጋው ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በ40 ዓመቱ፥ ወይም ዘመዱ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት አስቀድሞ፥ ከሁለቱ በሚቀድመው እንዲመረመር ይመከራል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በሚመጣው በዓል ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹን በትሕትና ጠይቁ፤ አያታችን በምን ሞቱ? አጎታችን ስንት ዓመታቸው ነበር? በሏቸው። የነገሯችሁንም ከነዕድሜው ጽፋችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያዙት። ሰገራው ደም ያለበት፥ የአንጀቱ ልማድ ለብዙ ሳምንት የተለወጠበት፥ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ደሙ ያነሰ ሰው ቢኖርም ዛሬውኑ ወደ ሐኪም አድርሱት። ያቺ ልብስ ሰፊ የዘመዶችዋን አሟሟት ብታውቅም በዘመንዋ መድኃኒት ስላልነበረ አልዳነችም። ዛሬ ግን ምርመራውም ሕክምናውም አለ፤ የጎደለው ጠይቆ ማወቅ ነው።