ከላይጎ ጓዳ

ጠጋ በሉማ። የምነግራችሁን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አትሰሙትም። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 የአሜሪካው የስበት ሞገድ ማዳመጫ፣ የላይጎ፣ ሳይንቲስቶች ዋሽንግተን ላይ ካሜራ ፊት ቆመው የስበት ሞገድ መገኘቱን ሲያበስሩ፣ ዓለም ያየው ፈገግታቸውን ነው። ከፈገግታው በፊት የነበሩት አምስት ወራት ግን የምርመራ ወራት ነበሩ፤ ተመርማሪዎቹም ራሳቸው። ቤተኛው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእንግዳ ግን የማይነገረው ምሥጢር ይኸው ነው፦ ይህ ቤት የቆመው በጥርጣሬ ላይ ነው።

ጥርጣሬው ሥር አለው። በ1969 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ዌበር በድፍን የአሉሚኒየም ግንዶች የስበት ሞገድ ያዝኩ ብሎ አወጀ። ሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ቢያዳምጡ ምንም የለም። ዌበር በ2000 እስኪሞት ድረስ ከአቋሙ ፍንክች አላለም፤ መስኩ ግን ለብዙ ዓመታት ስሙ ጎድፎ ቀረ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ከዚያ በኋላ የመጡት የላይጎ ሰዎች ይህ እንዳይደገም ሲሉ ለገዛ ጆሯቸው ወጥመድ አጠመዱ።

ወጥመዱ እንዲህ ነበር። ከመቶዎቹ አባላት መካከል ለጥቂቶች ብቻ ሥልጣን ይሰጥ ነበር፤ የመሣሪያውን መስታወቶች በድብቅ ነቅንቀው የሐሰት ሞገድ እንዲያስገቡ። መቼ እንደሚያስገቡ፣ ጨርሶም ያስገቡ አያስገቡ ሌላው አያውቅም ነበር። እናም ሴፕቴምበር 16 ቀን 2010 አንድ የሚያምር ምልክት መጣ። ከታላቁ ውሻ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የመጣ ስለመሰለ «ትልቁ ውሻ» የሚል ስም ወጣለት። ስድስት ወር ሙሉ ተተነተነ፣ ክርክር ተነሣበት፣ ለኅትመት የሚላከው ጽሑፍ ሳይቀር ተረቀቀ። ማርች 14 ቀን 2011 አርካዲያ፣ ካሊፎርኒያ ተሰበሰቡ። የወቅቱ የላይጎ ዳይሬክተር ጄይ ማርክስ እውነቱን የያዘውን «ፖስታ» ከፈተው። ሐሰት ነበር። ሁሉም ነገር ከውስጥ የተተከለ።

ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ሌሎች የሳይንስ ዘርፎች ይህን አለመኮረጃቸው ይገርመኛል። ለምሳሌ በማርች 2014 የባይሴፕ 2 ቡድን የጽንፈ ዓለሙን ልደት አሻራ አገኘን ብሎ ሻምፓኝ አስከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላው ያዩት በአብዛኛው የገዛ ጋላክሲያችን አቧራ መሆኑ ታወቀ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ጓዳ ገብቶ የመዘገበ ሰው አለ፦ ሃሪ ኮሊንስ የተባለ እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር። ከፊዚክስ ሰዎቹ ጋር ለአሥርታት ከመዋሉ የተነሣ፣ በ2006 በታወቀ አንድ ሙከራ ስለ መስኩ የሰጣቸውን መልሶች ያነበቡ የሙያው ሰዎች ከእውነተኛው የፊዚክስ ምሁር ሊለዩት አልቻሉም።

ወደ እውነተኛው ቀን እንምጣ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ በእኛ መስከረም 3 ቀን 2008፤ የእንቁጣጣሽ አበባ ገና አልጠወለገም። በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50፣ በሊቪንግስተን፣ ሉዊዚያና ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ነው። መደበኛው ምልከታ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ተመራማሪዎቹ አናማሪያ ኤፍለር እና ሮበርት ስኮፊልድ ሌሊቱን ሙሉ መሣሪያውን ሆን ብለው ሲረብሹ አድረዋል፤ የውጭ ጫጫታ ምን ያህል እንደሚነካው ለመለካት። ደከማቸውና የቀረውን ሙከራ ትተው ወጡ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሞገዱ ደረሰ። ትንሽ ቢበረቱ ኖሮ በሙከራ መሃል ይመጣና ከንቱ ይቀር ነበር። የታሪክ መጽሐፍ ለትጋት እንጂ ለድካም ምስጋና አይጽፍም፤ እኔ ግን ለዚያ ድካም ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ምልክቱን በመጀመሪያ ያየው ሃኖቨር፣ ጀርመን የነበረው ወጣቱ ተመራማሪ ማርኮ ድራጎ ነው። ደስ አላለውም፤ በጣም ስላማረበት ጠረጠረ። ከባልደረባው አንድሩ ሉንድግሬን ጋር ሆኖ ወደ ሁለቱ የላይጎ ጣቢያዎች፣ ወደ ሊቪንግስተንና ወደ ሃንፎርድ፣ ደወለ፤ ያነሣው ሊቪንግስተን ብቻ ነው። ከዚያ ለመላው ኅብረት ኢሜይል ላከ፦ የሐሰት ሞገድ ያስገባ አለ? ያመነ አልተገኘም። አለቆቹም በዚያ ወቅት ስውር ማስገቢያው ሥራ እንዳልጀመረ አረጋገጡ።

ታዲያ የባሰው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው አስገብቶት ቢሆንስ? የኤምአይቲው ማት ኤቫንስ ያለበት ቡድን ይህን አጣራ። አካሄዳቸው የሌባ አካሄድ ነበር፦ እኔ ላጭበረብር ብል በየት እገባለሁ? ሽቦውን፣ ኮምፒውተሩን፣ የተመዘገበውን መረጃ ሁሉ ፈተሹ። እንዲህ ያለ ማጭበርበር ብዙ ዓይነት እውቀት እንደሚጠይቅና ዱካ ሳይተው ማለፍ እንደማይችል ደረሱበት። መሣሪያው ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ጫጫታ ብቻውን እንዲህ ያለ ምልክት ሊፈጥር የሚችለው በስንት ጊዜ አንዴ እንደሆነ ተሰላ፦ በ203,000 ዓመት አንዴ እንኳ አይሞላም። ሞገዱ መስታወቶቹን ያንቀሳቀሳቸው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ ርቀት መሆኑን ስታስቡ ጥንቃቄው አይበዛባቸውም።

ወሬው ግን በሴፕቴምበር ውስጥ ሾለከ። የላይጎ አባል ያልሆነው የፊዚክስ ምሁር ሎውረንስ ክራውስ በትዊተር በተነው። እዚህ ላይ የድሮው ወጥመድ ጥሩ መደበቂያ ሆነ፤ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሙከራ ይሆናል ብሎ ያልፈው ነበር።

ስኮፊልድን አልጨረስኩትም። ሰውየው የጫጫታ መርማሪ ነው። በ2017 በሃንፎርድ ጣቢያ አንድ እንግዳ ድምፅ ተደጋግሞ ሲመዘገብ ክትትሉ ያደረሰው ቁራ ዘንድ ነው፤ በረሃው ሞቆ የጠማቸው ቁራዎች ከናይትሮጅን ቧንቧ ላይ በረዶ ሲቆረቁሩ ኖሯል።

አሁን ቅርብ ወዳለው ልምጣ። ጃንዩዋሪ 14 ቀን 2025 የደረሰው ሞገድ ከ2015ቱ እጅግ የጠራ ነው። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ ጠቅላላ የገጻቸው ስፋት ከ240,000 ወደ 400,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አደገ፤ ስቲቨን ሆኪንግ በ1971 አይቀንስም ያለው ስፋት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ከሁለቱ ጣቢያዎች አንዱ እንዲዘጋ ተጠየቀ። በአደባባይ ስለ ገንዘብ ነው የተወራው። ጓዳ ውስጥ ያስደነገጠው ሌላ ነው። በ2015 ሞገዱ ሊቪንግስተን ደርሶ 7 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው ሃንፎርድ የደረሰው። 3,000 ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንድ ዓይነት ቃል የሰጡ ሁለት ምስክሮች ባይኖሩ፣ ያ ሁሉ ጥርጣሬ መልስ አያገኝም ነበር።

ኦገስት 17 ቀን 2017ን ተመልከቱ። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ፣ በዚያችው ቅጽበት ሊቪንግስተን ላይ ድንገተኛ ጫጫታ ተነሣና ኮምፒውተሩ ምልክቱን ትቶ አለፈው፤ ማንቂያው ከሃንፎርድ ብቻ መጣ። ሰዎች የሊቪንግስተንን መዝገብ በዓይናቸው ሲያዩ ሞገዱ ከጫጫታው ሥር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ጣሊያን ያለው ሌላው የሞገድ ማዳመጫ፣ ቪርጎ፣ ምንም ያህል አለመስማቱም ተጨምሮበት የሰማዩ አቅጣጫ ጠበበ፤ በሰዓታት ውስጥ ቺሊ ያለው የስዎፕ ቴሌስኮፕ ግጭቱን ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ አገኘው። በሃንፎርድ ማንቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴሌስኮፑን በትክክል ወዴት እንደሚያዞሩት የሚነግራቸው አልነበረም።