ሕጋዊ ጥላና የቋንቋ መረጃ፦ የጅቡቲ አፋርኛና ሶማሊኛ በክፍት ሶፍትዌር

በጅቡቲ ከተማ የመንግሥት ሥራ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ይከናወናል፤ የቤቱና የገበያው ንግግር ግን በአብዛኛው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ኮምፒውተር በእነዚህ ቋንቋዎች የዕለታትንና የወራትን ስም እንዲጽፍ፣ የጅቡቲን ፍራንክም እንዲያውቅ የሚያስችሉት ትንንሽ የመረጃ ፋይሎች ናቸው። በሊኑክስ ሥርዐቶች መሠረት በሆነው በጂሊብሲ ውስጥ አፋርኛ ለ3 አገሮች፣ ሶማሊኛ ለ4 አገሮች ለየብቻ ተዘጋጅቷል። የጅቡቲዎቹን ፋይሎች ያበረከተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ በበጎ ፈቃደኞች ይጀመራል። ስብስባቸው ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው በስሙ ውል መፈረምም ሆነ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይችልም፤ ክስ ቢነሣ ተጠያቂነቱ በግለሰቦቹ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በ1999 የተቋቋመው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አንዱ ዓላማ ፈቃደኞችን ከዚህ መከለል ነበር። በ2006 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲም አባል ፕሮጀክቶችን በራሱ ሕጋዊ ሰውነት ሥር ያቅፋል፤ ስጦታ ይቀበልላቸዋል፣ ውል ይፈርምላቸዋል፣ የንግድ ምልክታቸውንም ይይዝላቸዋል።

መጠለል ግን የቅጂ መብትን አሳልፎ ከመስጠት ይለያል። ጂሊብሲ ለረጅም ጊዜ ጉልህ አስተዋፅኦ የሚያደርግ ሰው መብቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንዲያስተላልፍ ይጠይቅ ነበር፤ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ግን ይህ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ጅቡቲ በወረሰችው የፈረንሳይ የሕግ ትውፊት ደግሞ የኢኮኖሚ መብት ቢተላለፍም የደራሲው የሞራል መብት ከራሱ አይለይም።

ለቋንቋ ተመራማሪ ዋናው ነጥብ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በጂሊብሲ የአካባቢ መረጃ ፋይሎች ራስጌ ላይ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በመረጃው ላይ የቅጂ መብት እንደማይጠይቅ ተገልጿል። ይህ ተገቢ ነው፤ የወር ስም የማንም ንብረት አይደለም። ይሁንና ሕጉ ሰውንና ፕሮግራሙን ሲጠብቅ የአጻጻፍ ውሳኔን አይጠብቅም። ለምሳሌ «ሲ» የተባለው የላቲን ፊደል በሶማሊኛ «ዐ» በግዕዝ ይወክለው የነበረውን የጉሮሮ ድምፅ ያመለክታል፤ በአፋርኛ ግን «ሐ» ይወክለው የነበረውን። አፋርኛ «ዐ»ን የሚጽፈው በ«ኪው» ነው፤ የሕዝቡ ስም ራሱ በዚሁ ፊደል ይጀምራል። የአንዱን ሥርዐት ብቻ የሚያውቅ አራሚ የሌላውን ትክክለኛ ቃል «ስሕተት» ብሎ ሊቀይር ይችላል፤ ይህን የሚከለክል የሕግ አንቀጽ የለም።

ስለዚህ ፕሮጀክቱ ወደ ትልቅ ተቋም ሲገባ ከውሉ ጋር ሁለተኛ ሰነድ ያስፈልገዋል። ይህ ሰነድ የትኛው ቀበልኛ መሠረት እንደሆነ፣ የትኛው የአጻጻፍ ሥርዐት እንደተመረጠ፣ ለውጥ ሲቀርብም የማን ምስክርነት እንደሚጠየቅ መመዝገብ ይገባዋል። ውሉን የሕግ ባለሙያ ሊጽፈው ይችላል፤ ይህን ግን መጻፍ ያለበት የቋንቋው ባለሙያ ነው።