የዱር ዳክዬዎች መጠናናትና የውሃ ዳር እርሻችን

የዱር ዳክዬ ለአገራችን የውሃ ዳር ገበሬ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች፣ በጣና ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም በየደጋው ጨፌ ከመስከረም ወር ጀምሮ በመንጋ ሲያርፍ ይታያል። ብዙዎቻችን ወፎቹ ብርድ ሸሽተው ለመብል ብቻ የሚመጡ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከዚህ ያለፈ ነው፤ ከእነዚህ ዳክዬዎች ብዙዎቹ ጓደኛቸውን የሚመርጡት እዚሁ በእኛ ውሃ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጠናናቱን ሁኔታና ከእርሻ ሥራችን ጋር ያለውን ግንኙነት እንገልጻለን።

እነማን ናቸው?

ከአውሮፓና ከእስያ ከሚመጡት መካከል ሦስቱን በቀላሉ መለየት ይቻላል። አንደኛው አንገቱ ረዘም ያለ ሲሆን አውራው ሹል ጅራት አለው። ሁለተኛው ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ነው። ሦስተኛው በአካሉ አነስ ያለ ሲሆን አውራው ከዓይኑ በላይ ቅንድብ የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ከእነዚህ ሌላ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር የሚኖር ባለ ቢጫ ምንቃር ዳክዬ አለ።

እንግዶቹ እንደ ደረሱ አውራውን ከእንስቷ መለየት ያስቸግራል። ምክንያቱም አውራዎቹ በሰሜን የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ደማቅ ላባቸውን ጥለው እንደ እንስቶቹ ቡናማ ስለሚሆኑ ነው። ጌጠኛው ላባ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ባለ ሹል ጅራቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም ሲያጌጥ፣ ባለ ነጭ ቅንድቡ ይዘገያል። ላባው ሲያምር መጠናናቱም ይደምቃል።

መጠናናቱ እንዴት ነው?

የዳክዬን ጠባይ በጥልቀት ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ጥናት የልዩ ልዩ ዳክዬዎችን እንቅስቃሴ አነጻጽሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ሌሎች የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች ጋር ተካፍሏል። እያንዳንዱ የዳክዬ ዓይነት የራሱ የሆነ የመጠናናት ምልክት ሲኖረው፣ ዘመዳሞቹ ደግሞ አንዳንዱን ምልክት ይጋራሉ።

በብዙ የዳክዬ ዓይነቶች አውራዎቹ በቁጥር ከእንስቶቹ ይበልጣሉ። ስለዚህ አንዲትን እንስት ብዙ አውራዎች ከብበው ይዋኛሉ። ባለ ሹል ጅራቱ አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያፏጫል። ባለ ነጭ ቅንድቡ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጀርባውን እስኪነካ ያጋድልና ደረቅ እንጨት ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። አውራው ላባውን የሚያበጥር መስሎ ምንቃሩን ወደ ክንፉ የሚወስድበትም ጊዜ አለ፤ ዓላማው ግን ጽዳት ሳይሆን የክንፉን ቀለም ማሳየት ነው።

የመምረጥ ሥልጣኑ የእንስቷ ነው። የወደደችውን አውራ ተከትላ እየዋኘች፣ ራሷን በትከሻዋ ላይ አዙራ ወደማትፈልገው አውራ ደጋግማ ታመለክታለች። ይህም ለመረጠችው «እሱን አባርርልኝ» እንደ ማለት ነው።

ጥንድ ከሆኑ በኋላ አውራው ሌሎቹን እየተከላከለ እንስቷ ተረጋግታ እንድትመገብ ያደርጋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ለመልሱ ረጅም በረራ ስብ ማከማቸት አለባት። በየካቲትና በመጋቢት ወደ ሰሜን ሲነሱ እንስቷ ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ታመራለች፤ አውራው የትም ይፈልፈል የት፣ እሷን ይከተላል። እዚያም ባለ ሹል ጅራቷ ዳክዬ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 እንቁላል ጥላ፣ ከ22 እስከ 24 ቀን ያህል ብቻዋን ትታቀፋለች። እንግዲህ በሩቅ አገር የሚፈለፈለው ጫጩት ጉዳዩ የሚጀመረው በእኛ ሐይቅ ነው።

ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

ገበሬው «የወፍ ሠርግ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሳችን፣ ዳክዬ ጥንድ የሚሆንበት ውሃ ለመስኖም ለከብትም የሚበጅ ውሃ ነው የሚል ነው። ዳክዬዎቹ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ፣ ፊላና ቄጠማ፣ ዘርና የውሃ ነፍሳት ይፈልጋሉ። ያው ፊላና ቄጠማ ከማሳ የሚታጠበውን አፈር ይዞ ያስቀራል።

ለዚህ የሐረማያ ሐይቅ ምስክር ነው። ደለል እየሞላው፣ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ውሃው ከልክ በላይ እየተሳበ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ወፉ ማረፊያውን፣ ገበሬውም የሐይቁን ውሃ በአንድነት አጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃው መመለሱ ተስፋ ቢሰጥም፣ ሌላ ሐይቅ ይህን ፈተና እንዲያይ መፍቀድ አይገባም።

ምን እናድርግ?

1. እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ አንረስ። በማሳውና በውሃው መካከል ፊላውንና ሣሩን እንተው።

2. ከኅዳር እስከ የካቲት ከብቶች በተወሰነ መጠጫ ቦታ ብቻ ወደ ውሃው ይውረዱ። ውሾችና ወንጭፍ የያዙ ልጆችም መንጋውን አያስበርግጉ፤ የሚያስበረግገው በበዛ ቁጥር የሚመገብበት ጊዜ ያንሳል።

3. ወፍ ሰብል ላይ ካረፈ ከማሳው ይባረር፤ ከውሃው ግን አይሳደድ።

4. የፀረ ተባይ መርጫ በሐይቅ ወይም በጅረት አይታጠብ። መድኃኒቱ የዳክዬውን ምግብ ይገድላል፤ ከብትና ሰውም ይጎዳል።

5. የውሃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው ገበሬዎች በተራና በመጠን ይሳቡ።

6. ባለ ቢጫ ምንቃሯ ዳክዬ ጎጆዋን የምትሠራው በውሃ ዳር ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። ሣር የሚያጭድ ሰው ጎጆ ካገኘ ዙሪያውን ሳያጭድ ይለፈው፤ እንቁላሉም አይነሳ።

እነዚህ ሥራዎች ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በውሃው ዙሪያ ያሉ ጎረቤታሞች ሁሉ መስማማታቸውን ነው፤ አንዱ የተወውን ዳርቻ ሌላው ካረሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናልና። ስለዚህ ጉዳዩ ከኅዳር በፊት በቀበሌው ስብሰባ እንዲነሳና የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም እንዲገኝ እንመክራለን።