ዓመትን በጥላ የለኩት ቻይናውያን

ስልካችንን ከፍተን ቀኑን ስናይ «ትክክል ነው ወይ?» ብለን አንጠይቅም። ጉዎ ሾውጂንግ የተባለው ቻይናዊ ግን ሥራው ይሄው ጥያቄ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1276 ሞንጎላዊው ንጉሠ ነገሥት ኩብላይ ካን አዲስ የዘመን አቆጣጠር እንዲዘጋጅ አዘዘ። ቀላል ትእዛዝ እንዳይመስላችሁ። በቻይና ካላንደር የሚያወጣው ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ ባልተባለበት ቀን ከመጣ የንጉሡ ክብር ይነካል፤ ሰማይ ሥልጣኑን የሰጠኝ እኔ ነኝ ይላላ!

መሣሪያው ሲያዩት ምንም አይደለም፦ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶና መሬት ላይ የተነጠፈ ሜትር። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይለካል። በዓመት አንዴ፣ በታኅሣሥ፣ ጥላው ከሁሉም ቀን ይረዝማል። ከአንዱ ረጅም ጥላ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

የድሮው ምሰሶ ሁለት ሜትር ገደማ ነበር። ጉዎ አምስት እጥፍ አስረዘመው። ለምን? ኢኮኖሚክስ ስንማር የመለኪያ ስህተት የምንለው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። የአንድ ጣት ስህተት ሦስት ሜትር ጥላ ላይ ብዙ ነው፤ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ግን እዚህ ግባ አይባልም።

ሌላ ችግር መጣ እንጂ። ጥላ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ይደበዝዛል። ጉዎ ምን አደረገ መሰላችሁ? ትንሽ ቀዳዳ ያላት ስስ መዳብ ሜትሩ ላይ አስቀመጠ። በቀዳዳዋ የፀሐይ ምስል ትወርዳለች። ምሰሶው አናት ላይ ያለው አግዳሚ ዘንግ ምስሏን እኩል ለሁለት ሲከፍላት፣ ያኔ ቁጥሩ ይነበባል።

ይህን ከጥንት መዛግብት ጋር አነጻጽሮ ዓመት 365.2425 ቀን ነው አለ። ቁጥሩን ያንግ ጆንግፉ በ1199 ተጠቅሞበት ነበር፤ ጉዎ ግን በልኬት አጸናው። ዛሬ ከምናውቀው የሚለየው በ26 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። አዲሱ ካላንደር በ1281 ሥራ ላይ ዋለ። ፈረንጆቹ እዚያው ቁጥር ላይ የደረሱት በ1582 ነው።

እኛስ? የእኛ ዓመት 365.25 ቀን ነው። ልዩነቱ በዓመት አሥራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ግን በ400 ዓመት ሦስት ቀን ይሆናል። ለዚህ ነው አሁን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚውለው እንቁጣጣሽ፣ ከ2100 ጀምሮ ወደ 12 የሚገፋው።

የጉዎ የጥላ መለኪያ ማማ ሄናን ግዛት፣ ጋዎቼንግ ውስጥ ዛሬም ቆሟል፤ 31 ሜትር የሚሆነው የድንጋይ ሜትሩም እግሩ ሥር ተዘርግቷል። ዩኔስኮ በ2010 መዝግቦታል። ቀጥ ያለ ነገርና ፀሐይ ካላችሁ እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ትዕግሥቱ ነው የሚከብደው።